ለማያውቀኝ ሰው ዋስ ሆንኩ

ሰውን ከልክ በላይ ማድነቅ ማጅራት እንደሚያሳምም ያወቅሁት ዘንድሮ በጥር ወር ነው። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ለመናገር እሞክራለሁ። በቅደም ተከተል መናገር ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ የተማርኩት ነገር ነው። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ ግን መሐል ላይ ብስት አትፍረዱብኝ።

ነገሩ የጀመረው በቤት ሥራ ነው። ለአጋማሽ ዓመት እረፍት ከመበተናችን በፊት አስተማሪያችን፣ «በባህል ወይም በወቅታዊ ጉዳይ ላይ የተሰጠ አንድ የታወቀ ትንታኔ ምረጡና የራሳችሁን ምላሽ በሁለት ገጽ ጽፋችሁ ኑ። 'እስማማለሁ' ብቻ ብሎ የሚመጣ ሰው እንዳላይ» አሉን። እኔ አስተማሪ ደስ እንዲለው የምፈልግ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱን ባላውቀውም እጄ ቀድሞኝ ይወጣል። ስለዚህ የማንን ትንታኔ እንደምመርጥ ለማሰብ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

የሰውየውን ስም አልጠራም፤ ጋሼ ተንታኙ እለዋለሁ። አዲስ ዘፈን ሲወጣ፣ ተዋናይት ስታገባ፣ ሹም ሲናገር፣ ጋሼ ተንታኙ በማግስቱ ቻናሉ ላይ ብቅ ይልና መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። እሱ መነጽሩን ሲያወልቅ እኔ ደብተሬን እከፍታለሁ። ተራ ሐሳብ በጥቁር፣ ጥሩ ሐሳብ በሰማያዊ፣ እጅግ የሚያምረውን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ፣ «ይህ ሰው ቢያነጥስ በቀይ ትጽፈዋለህ» ይሉኛል። አንድ ጊዜ አነጥሶ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አልጻፍኩትም፤ ግን ቆም ብዬ አስቤበታለሁ።

የምላሼን ረቂቅ ከመንገዴ በፊት ጨርሼው ነበር። አንደኛው ገጽ «እስማማለሁ» የሚል ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ «በጣም» የሚል።

ሰቆጣ ስደርስ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ የአርባ ደቂቃውን ትንታኔ ስልኬ ላይ ጫንኩት፤ እኛ መንደር ኔትወርክ የለምና። ወደ ወረዳችን ወደ ደሃና በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰማሁት፤ ከሚኒባሱ ወርጄ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ በእግሬ ስሄድ ደግሞ ሁለት ጊዜ። ከኋላዬ ጨው የጫነች አህያ የሚነዳ ሰው ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ላይ ቀድሞኝ ሄደ። መንገዱ ጠባብ ስለነበር ለማለፍ ገደሉን መርጧል።

ቤት ስደርስ የገብስ ውቂያ ላይ ደረስኩ። የእኛ ተራ ስለነበር ወንፈል የገቡት ጎረቤቶች ሁሉ አባቴ አውድማ ላይ ነበሩ። ለእኔም መንሽ ተሰጠኝ። ገለባውን ወደ ላይ ስወረውር ሁልጊዜ የሚወርደው ራሴ ላይ ነው። አብሮ አደጌ ሲሳይ፣ ከእኔ ጋር ተምሮ ዐሥረኛ ላይ ወደ እርሻው የተመለሰው፣ በሬዎቹን እየነዳ ዞሮ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይለኛል።

«አንተ ተማሪ፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ በስንተኛው ዓመት ነው የሚያስተምሯችሁ?»

ለእረፍት ገለባው ክምር ጥላ ሥር ተቀምጠን ጠላ ሲቀዳ፣ ክብሬን የማስመልስበት ሰዓት መጣ ብዬ አሰብኩ። ስልኬን አወጣሁ።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ አንድ ትልቅ ሰው ላሰማችሁ።»

አያ ኪሮስ ዙሪያውን ተመለከቱ። አያ ኪሮስ በእኛ አካባቢ ሁለት ሰው ሲጣላ ወደ ወረዳ ከመሄዱ በፊት የሚሄድባቸው ሽማግሌ ናቸው።

«የት አለ ሰውየው?» አሉ።

«ስልኬ ውስጥ ነው።»

«ይናገር እንግዲህ» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ሰው ሲናገር ጋቢያቸውን ሳያስተካክሉ አይሰሙም።

ጋሼ ተንታኙ መናገር ጀመረ። ስለዚያ ሰሞን ዘፈን ነበር፤ አገር ምድሩ ዐሥራ አምስት ሴኮንድ ቆርጦ ስለሚጨፍርበት። «ዘፈኑን እስከ መጨረሻው የሰማ ማን አለ?» ይላል። «ሳንጨርስ እንሰማለን፤ ሳንሰማ እንፈርዳለን!» አማርኛው በደንብ ለማይገባቸው ሁለት አሮጊቶች አያ ኪሮስ ወደ አገራችን ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣንጋ፣ ይመልሱላቸው ነበር። ጋሼ ተንታኙ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ተናገረ፤ የጥንቱን አነሣ፣ የዛሬውን ጣለ፣ የባሕር ማዶ ሊቅ ጠቀሰ። አያ ኪሮስ ዝም ብለው ሰሙና ወደ አሮጊቶቹ ዘወር ብለው በኽምጣንጋ፣ «ጨርሳችሁ ስሙ ይላል» አሏቸው። አለቀ። እኔ ከስምንቱ ደቂቃ አራት ገጽ ጽፌ ነበር። ደብተሬን በልቤ ገልጬ አየሁት፤ ከዚያ ውጭ አንድም ነገር አልነበረበትም። ያን ጊዜ ነው መደነቅ የጀመርኩት፤ በማን እንደምደነቅ ግን ገና አልለየሁም ነበር።

ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ በቀይ የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር መጣ። ሰዎቹ እንዳያመልጣቸው ድምፁን ጨመርኩ።

«እስቲ እነዚህን ልጆች ተመልከቱ! በሰው አገር፣ በሰው ማድቤት፣ ጭልፋ ይዘው ትከሻቸውን የሚያርገፈግፉትን! እናት ያላሳደገቻቸው ልጆች!»

«በሕግ አምላክ!»

የጮኹት እማማ ደብሪቱ ናቸው፤ ጎረቤታችን። አንድ ልጅ ብቻ አላቸው፤ ዝናሽ ትባላለች፤ ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው።

በሕግ አምላክ ሲባል በእኛ አገር የሚሮጥ ይቆማል፣ ዱላ ያነሣ እጁን ያወርዳል። ሁሉም ባለበት ደረቀ። ሲሳይ ጠላውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ። አባቴ ሊያክ የጀመረውን ራሱን ሳያክ እጁ አየር ላይ ቀረ። በሬዎቹም ቆመዋል፤ እነሱ እንኳ ቀድሞም ቆመው ነበር። ያልቆመ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሼ ተንታኙ ይናገራል።

ስልኩን ለማቆም ብነካው ጣቴ እብቅና ላብ ስለሆነ አልሰማኝም። ደግሜ ብነካው ድምፁ ጨመረ። ይባስ ብሎ እዚያች ቦታ ላይ ጋሼ ተንታኙ ይስቃል፤ ሲሰማ የሚያምር ሳቅ ነው፤ ያን ቀን ግን አላማረብኝም። ስልኩን ገለባው ክምር ውስጥ ቀበርኩት። ከገለባው ውስጥም ስለ አገር ባህል መጥፋት ሲያስረዳ ይሰማል። በመጨረሻ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት፤ ከዚያ በኋላ ወይ እሱ ዝም አለ፣ ወይ እኔ መስማት ተሳነኝ።

«በሕግ አምላክ ተብሎ አልቆመም» አሉ አያ ኪሮስ በቀስታ።

«አያ፣ ስለማይሰማ ነው።»

«ደንቆሮ ነው?»

«ኧረ አይደለም! የተናገረው ዛሬ አይደለም ለማለት ነው። ሦስት ሳምንት ሆኖታል።»

«ሦስት ሳምንት?» አሉ እማማ ደብሪቱ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እዚያ በመሐረብ የጠቀለሉት ስልክ አለ። እኔ ያኔ ልብ አላልኩም።

አያ ኪሮስ፣ «ነገሩ ይታያል» አሉ። «እናትነቷ ተነክቷል። ሰውየው ይጠራ።»

«አዲስ አበባ ነው ያለው፣ አያ።»

«ዋስ አለው?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ዋስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በቀጠሮው ቀን ሰውየውን የሚያቀርብ፣ ካላቀረበም በሰውየው ቦታ ቆሞ የሚመልስ ማለት ነው። አባቴ ዋስ ሆኖ ሲቆም አይቻለሁ። ሳላውቅ ነው ማለት አልችልም። ግን ጥያቄ ተጠየቀ፤ እጄም ወጣ።

«እኔ አለሁ!»

አባቴ ሳል ያዘው። ሲሳይ ጠላውን አስቀመጠ።

«ሰውየው ያውቅሃል?»

«አንድ ጊዜ ኮሜንቴን ላይክ አድርጎልኛል።»

«እንዲያማ ከሆነ ዘመዳሞች ናችሁ!» አለ ሲሳይ።

አያ ኪሮስ አልሳቁም። «ለሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጥዱ ሥር» አሉ። «ታቀርበዋለህ፤ ካልሆነም ትመልስለታለህ።»

ያን ቀን ማታ አባቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረኝ። «እኔ ዋስ ሆኜ አንድም ቀን አፍሬ አላውቅም» አለኝና ተኛ። ይህ ከስድብ የሚከብድ መሆኑን አባት ያለው ሁሉ ያውቃል።

ከመንደራችን በላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ሄሎ እንለዋለን። ኔትወርክ የሚገኘው እሱ ላይ ብቻ ነው። በማግስቱ ማለዳ ሄሎ ላይ ወጣሁና ከትንታኔው ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ክቡር ሆይ፣ ዋስዎ ነኝ። እሑድ ደሃና ላይ ይፈለጋሉ።» ጥቂት ቆይቶ መልስ መጣ። ልቤ ዘለለ። አንድ የማላውቀው ሰው ነበር፤ «ወንድሜ፣ መድኃኒትህን ወስደሃል?» ይላል። ሰባ ሰው ወዶለታል።

በሁለተኛው ቀን በውስጥ መልእክት ጻፍኩ። ገና እጄን ሳላነሣ ተመለሰልኝ! ምን ጻፈ ብዬ ሳላነብ ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ወርጄ፣ «አባዬ፣ መለሰልኝ!» አልኩ።

«ይመጣል?»

አነበብኩለት። «ስለ መልእክትዎ እናመሰግናለን። ማስታወቂያ ማሠራት ከፈለጉ ይደውሉ» ይላል።

አባቴ ብዙ አሰበ። ለእኔ ብሎ ነው፤ ሌላ ጊዜ እንዲህ ባለ ነገር ላይ አያስብም። «ምን እናስተዋውቅ?» አለ በመጨረሻ። «ገብሱን?»

በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን ሄሎ ላይ ስወጣ እማማ ደብሪቱን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስልኩን ከመሐረቡ ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩታል፤ ይዘንብ ይሆን አይዘንብ ይሆን ብሎ ሰማይን እንደሚያይ ሰው። መሸሽ አማረኝ፤ ግን የሠራሁትን ስለማውቅ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ዝናሽ ትደውላለች?»

«ትጽፋለች። የሚያልፍ ሰው ያነብልኛል። 'ደኅና ነኝ እማ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው' ትላለች።» ስልኩን አቀበሉኝ። «ቀድሞ በየሳምንቱ ስትጨፍር ትልክልኝ ነበር። ማድቤት ቆማ፣ ጭልፋ ይዛ። አሁን አቆመች። እየው እስቲ፣ ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን?»

አየሁት። ስልኩ ምንም አልሆነም። የመጨረሻው ጭፈራ ከመጣ ሦስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ሆኖታል፤ ጋሼ ተንታኙ ከተናገረበት ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ። ቀኑን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ሰምታዋለች» አሉ እማማ ደብሪቱ። «አፍራ ነው።»

ዐረብ አገር ያለ የእኛ ልጅ ሁሉ ጋሼ ተንታኙን ይሰማል። ዝናሽም ሰምታ፣ ማድቤት ቆማ፣ ጭልፋዋን አስቀምጣለች። እኔ ደግሞ ያንኑ ዐረፍተ ነገር አልጋዬ ላይ ተኝቼ ሰምቼ፣ በቀይ ጽፌው፣ ከጎኑ «እንዴት ያምራል!» ብዬ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የጨነቀኝ የራሴ ማፈር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የእኔ ነገር አነሰብኝ። ልጅቷ ዳግም ትጨፍራለች ወይስ እናቷ እንደዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይቀራሉ? ጉዳዩ ይኸው ነበር።

እሑድ ደረሰ። ጋሼ ተንታኙ አልመጣም። ይመጣል ብዬ ያመንኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ እስከ ቅዳሴው ማብቂያ ድረስ መንገዱን አይ ነበር። ሰው ጥዱ ሥር ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አያ ኪሮስ፣ «ስልኩን አምጣው» አሉ።

«ለምን፣ አያ?»

«ጨርሰን ሳንሰማው ልንፈርድበት ነው? ራሱስ የመከረን ይህንኑ አይደለም?»

በርጩማ መጣ። በርጩማው ላይ ጋቢ ታጥፎ ተነጠፈና ስልኬ ተቀመጠ። እኔ ቆሜያለሁ። አርባውን ደቂቃ፣ ከመግቢያው ሙዚቃ እስከ ማስታወቂያው፣ አገጫቸውን በዘንጋቸው ላይ አስደግፈው ሰሙት። አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ጥሩ ሲናገር፣ «እውነቱን ነው» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስለ ሳሙናው ማስታወቂያ ሲነገርም አንዱ ሽማግሌ፣ «እውነቱን ነው» ብለዋል። ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ሲደርስ እማማ ደብሪቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ግን አላስቆሙትም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደዚያ የተደመጠ ሰው አላየሁም። ጋሼ ተንታኙ ራሱ ቢያይ መነጽሩን ያወልቅ ነበር።

ሲያበቃ አያ ኪሮስ ወደ እኔ ዞሩ። «ዋስ ሆይ፣ ምን ትመልስለታለህ?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሌሊቱን የተዘጋጀሁበትን ተናገርኩ። «ተንታኙ ያንን ያለው በጥቅሉ ነው እንጂ አንድን ሰው ለይቶ አይደለም።»

«በጥቅል የተሰደበ ሰው የሚያመው በጥቅል ነው?» አሉ አያ ኪሮስ።

«እኔ በጥቅል አልወለድኩም» አሉ እማማ ደብሪቱ። «አንድ ነው የወለድኩት።»

ያዘጋጀሁት ሌላ ሦስት ነጥብ ነበር። በቅደም ተከተል ጠፋኝ።

«ሰውየው እነዚህን ልጆች ለምን ያህል ጊዜ አይቷቸዋል?» አሉ አያ ኪሮስ።

«እንጃ፣ አያ። ጭፈራዋ ዐሥራ አምስት ሴኮንድ ናት።»

«ታዲያ የዘፈኑን ዐሥራ አምስት ሴኮንድ ሰምታችሁ አትፍረዱ ያለን ሰው፣ የልጅቷን ዐሥራ አምስት ሴኮንድ አይቶ ፈረደ?»

አርባ ደቂቃውን ከስድስት ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ። በሦስት ቀለም ጽፌዋለሁ። ይህ ነገር በአንዱም ቀለም አልነበረም። ሽማግሌው ደግሞ ፊደል አልቆጠሩም። አፌን ከፍቼ ስመለከታቸው ሲሳይ ከኋላ፣ «ዝንብ ይገባብሃል» አለኝ።

ከዚያ ዋስ ሊናገር የማይገባውን ተናገርኩ። «ጥፋተኛው እሱ ብቻ አይደለም» አልኩ። «እኔ ያቺን ቃል ወድጃት በቀይ ጽፌያታለሁ። ማንንም እንደምትነካ አላሰብኩም። ዝናሽን እያወቅኋት፣ ጎረቤቴ ሆና፣ አላሰብኩም።»

አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። ሽማግሌዎቹ በኽምጣንጋ ተማከሩና አያ ኪሮስ ፈረዱ። የሰውየው ምክር ምክር ነው፣ አይጣልም፤ ይህችን ቃል ግን ሊመልስ ይገባል፤ ስለሌለ ዋሱ ይቅርታ ይጠይቅለት። ይቅርታ በእኛ አገር የሚጠየቀው ድንጋይ ማጅራት ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ነው። ከጥዱ ሥር መጠነኛ ድንጋይ መርጬ አነሣሁ። ሲሳይ ከእጄ ወሰደና ወረወረው፤ እጥፍ የሚሆን አመጣ።

«ሰውየው እኮ ታዋቂ ነው። ያቺ አትመጥነውም።»

ተሸክሜ ጎንበስ አልኩ። «ማሩኝ፣ እማማ። ለእሱም ለእኔም።»

አንዱ ሽማግሌ፣ «አንሺለት እንጂ ደብሪቱ» አሉ።

«ትንሽ ይቆይበት» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ሰውየው ብዙ ነው የተናገረው።»

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ጉንዳን በእግሬ ላይ አልፋ ወደ ጥዱ ስትደርስ አይቻለሁ። ከዚያ ድንጋዩ ቀለለኝ፤ በገዛ እጃቸው አንሥተውታል። «ተነሥ ልጄ። ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉኝ። «አሁን ይህንኑ ጻፍለት። የሰደበኝ በአደባባይ ነው፤ ይቅር ማለቴም እዚያው አደባባይ ላይ ይዋል።»

ሰው ሁሉ ተከትሎን ሄሎ ላይ ወጣ። እማማ ደብሪቱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። «ክቡር ተንታኝ ሆይ» ብዬ ጀምሬ ሳነብላቸው፣ «ያላልኩትን አትጨምር» አሉኝ። አጠፋሁት። እንዲህ ሆነ፦

«እኔ ደብሪቱ ነኝ። ዝናሽን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አንተ ሰውዬ፣ ሳታውቀኝ ሰድበኸኛል። ዋስህ ድንጋይ ተሸክሞልሃል፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ዝናሽ፣ ታነቢው እንደሆነ ጭፈራሽን ላኪልኝ። ደኅና ነኝ የምትዪኝን አላምንሽም፤ እኔን ላለማስጨነቅ ትዋሺያለሽ። ትከሻሽ ግን መዋሸት አይችልም።»

ላክሁት። ካነበቡት መሐል የሳቀ አለ፣ ያለቀሰ አለ፣ «እናቴን አስታወሱኝ» ያለ ብዙ ነው። ከጋሼ ተንታኙ ገጽ አንዲት ቀይ ልብ መጣች። እሱ ራሱ ይሁን ማስታወቂያ የሚቀበልለት ሰው፣ አላወቅሁም። ለእማማ ደብሪቱ ስነግራቸው፣ «ልብ ብቻ ነው? ቃል የለውም?» አሉና ስልካቸውን ጠቅልለው ወረዱ። ከዝናሽ ምንም አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ትምህርቴ ለመመለስ ቦርሳዬን ይዤ፣ ሲሳይ ሊሸኘኝ፣ በሄሎ በኩል አለፍን። እማማ ደብሪቱ እንደ ወትሮው ተቀምጠዋል። ልንሰናበታቸው ስንጠጋ ጉልበታቸው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አልነኩትም፤ ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን። እኔ ከፈትኩላቸው።

ዝናሽ ናት። ማድቤት ውስጥ፣ ነጭ ሻሽ አስራ፣ ጭልፋ ይዛ። ዘፈኑን ከጎኗ ከፍታ ትጨፍራለች። ከስታለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልከሳችም። ትከሻዋ እንደ ድሮው ነው፤ ይወርዳል፣ ይነሣል፣ ይርገፈገፋል። በመጨረሻም ወደ ስልኩ ቀርባ ሳቀችና ጠፋ። ሲሳይ አጨበጨበ። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ አቧራ ነበር ማለት እችላለሁ፣ ግን አልነበረም።

እማማ ደብሪቱ አልሳቁም፣ አላለቀሱም። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። «ድገመው።» ደገምኩት። እሳቸውም አያ ኪሮስ ያን ስምንት ደቂቃ እንደሰሙት አድርገው እስከ መጨረሻው አዩት።

«ግራዋ ከብዷል» አሉ። «ታማ ነበር። ጻፍላት።»

እኔና ሲሳይ ተያየን። ስልኩን ተቀበልናቸውና ጎን ለጎን ተቀምጠን አራት ጊዜ አየነው። ግራውን ብቻ፣ ቀኙን ብቻ፣ ቀስ አድርገን፣ አቁመን አየነው። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሲሳይ የበሬ ማንከስ ከሩቅ የሚለይ ሰው ነው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ምንም የለባትም እኮ» አለ።

«ጻፍ አልኩህ» አሉኝ ለእኔ።

ጻፍኩ። «እማ ግራ ትከሻሽ ከብዷል፣ ታመሽ ነበር ብላለች።»

በዚያ በኩል ሰው እየጻፈ መሆኑን የሚያሳዩት ነጥቦች ብቅ አሉ። ጠፉ። እንደገና ብቅ አሉ። ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው፤ አልተነሣሁም። ሲሳይም ቦርሳዬን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሟል። ነጥቦቹ ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ አሉና መልሱ መጣ። ለእማማ ደብሪቱ ከማንበቤ በፊት ለራሴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፦

«እማ፣ ማን ነገረሽ?»